ጃንሆይ መውረድ ያቃታቸው አየር ማረፊያ፦ የኪንግስተን ጉዳይ ጥናት

ኪንግስተን ኤርፖርት ላይ ማረፉ ቀላል ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ከጃንሆይ ጉዞ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ስለዚህ ጃማይካ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሆቴል ከመፈለጉ በፊት የእሳቸውን ጉዳይ ቢያይ ይጠቅመዋል።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 21፣ 1966። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከትሪኒዳድ ተነስተው ጃማይካ ገቡ። ኤርፖርቱ ያኔ ፓሊሴዶስ ይባል ነበር። ጠዋት ዝናብ ነበረ። ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የክብር ዘብ ተሰልፏል፣ ባለሥልጣናቱ በየማዕረጋቸው ቆመዋል። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። አንድ ነገር ብቻ አልታሰበም፤ የሕዝቡ ብዛት።

ራስ ተፈሪያኑ ከደሴቲቱ ዳር እስከ ዳር ተጠራርተው መጥተዋል። በጭነት መኪና የመጣ አለ፣ በእግሩ የመጣ አለ፣ ከዋዜማው ጀምሮ እዚያው ያደረ አለ። አብዛኛው ግምት ወደ 100,000 ሰው ይላል። ያኔ የጃማይካ ሕዝብ በሙሉ 2 ሚሊዮን እንደማይሞላ አስቡት። ከበሮ ይመታል፣ የዘንባባ ዝንጣፊ ይወዛወዛል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባንዲራ ሜዳውን ሞልቶታል፣ የጋንጃው (የካናቢሱ) ጭስ ደግሞ ሌላ ደመና ሠርቷል። አውሮፕላኑ ሲታይ ፀሐይ ወጣች ይላሉ፤ እዚያ የነበሩ ሽማግሌዎች ይህችን ሳይነግሩ አያልፉም።

አውሮፕላኑ ቆመ። ሞተሩ በቅጡ ሳይጠፋ ሕዝቡ አጥሩንም ፖሊሱንም አልፎ ሜዳውን ሞላው፤ ከክንፎቹ ሥር ሳይቀር ሰው ነው። የክብር ዘቡ ተዋጠ፣ ምንጣፉም የማንም እግር መረማመጃ ሆነ። በሩ ተከፈተና ጃንሆይ ብቅ አሉ። ያንን የሰው ባሕር አይተው እንባ ተናነቃቸው ይባላል። ከዚያ ተመልሰው ገቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል አውሮፕላኑ ውስጥ ቆዩ። ለንጉሠ ነገሥት ግማሽ ሰዓት በር ላይ መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ የሚጠብቁት ሕዝብ ከመውደዱ ብዛት መንገድ ሲዘጋባቸው።

የፈታው ፖሊስ አይደለም። ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስ ተፈሪያን ሽማግሌ ነው። ፕላኖ በ1961 እ.ኤ.አ. ወደ አፍሪካ ከተላከው የጃማይካ ልዑክ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ጋር የተገናኘ ሰው ነው። ባለሥልጣናቱ ሌላ መላ ሲያጡ እሱን ለመኑት። ደረጃውን ወጣ፣ ውስጥ ገብቶ ተነጋገረ፣ ተመልሶ ለሕዝቡ ተናገረ፤ «ተረጋጉ፣ መሬቱን ልቀቁላቸው» ዓይነት ነገር ነው። ሕዝቡም ሰማው። ጃንሆይ ወረዱ። ሥነ ሥርዓቱ ግን በዚያው ቀረ፤ በቀጥታ መኪና ውስጥ ገብተው ወደ ከተማ ተነዱ። ዛሬም ቀኑ በየዓመቱ ግራውኔሽን ደይ ተብሎ ይከበራል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሁለት ምክንያት ይታየኛል።

የመጀመሪያው የአስተናጋጆቹ ንቀት ነው። መንግሥት ራስ ተፈሪያንን እንደ ሕዝብ አይቆጥራቸውም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ፋሲካ ሰሞን፣ ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ በተባለው ቦታ በተነሳ ግጭት ፖሊስና ወታደር ራስ ተፈሪያንን እያደኑ አስረው ደብድበዋል። መንግሥት ለዚህ ይቅርታ የጠየቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ የሚያይህ መንግሥት ለእንግዳ አቀባበል ስንት ሰው ይዘህ እንደምትመጣ አያሰላም። ያ ሕዝብ የሚሰማው ሰው ማን እንደሆነም የጠየቀ አልነበረም፤ ፕላኖ የተጠራው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቦታው ራሱ ነው። ይህኛው እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ለእናንተም የሚያገለግለው ይሄ ነው።

ካርታ ላይ ተመልከቱት። ከኪንግስተን በስተ ምሥራቅ ከየብሱ ተነስታ ወደ ምዕራብ የምትዘረጋ ቀጭን የአሸዋ መሬት አለች፤ ፓሊሴዶስ እሷ ናት። ርዝመቷ ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ስፋቷ ግን ቦታ ቦታ ላይ ከመንገዱ ብዙም አይበልጥም። ኤርፖርቱ የተሠራው እሷ ላይ ነው። ጫፏ ላይ ፖርት ሮያል አለ። ከተማው ያለው ከውሃው ማዶ ነው። ማታ ከኤርፖርት ስትወጡ የኪንግስተን መብራት በግራ በኩል፣ ከወደቡ ባሻገር ይታያችኋል፤ በጀልባ ቢሆን እዚህ ነው። መኪናው ግን ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ ይነዳል፣ ሃርቦር ቪው አደባባይ ይደርሳል፣ እዚያ ዞሮ የሲሚንቶ ፋብሪካው ባለበት በሮክፎርት በኩል ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ከኤርፖርቱ እስከ አደባባዩ በቀኛችሁ ክፍት ባሕር፣ በግራችሁ ወደብ፣ መሐል ላይ አንድ መንገድ። አማራጭ የለም። ጃንሆይም የተነዱት በዚሁ ነው። የቦብ ማርሊ ባለቤት ሪታ መንገድ ዳር ቆማ ያየቻቸው ያን ዕለት ነው፤ ባሏ ያኔ አሜሪካ፣ ደላዌር ነበር።

እንግዲህ ወደ እናንተ ጉዞ እንምጣ።

በመጀመሪያ የትኛው ኤርፖርት? ጃማይካ ሁለት ትልልቅ አላት። የኪንግስተኑ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኖርማን ማንሊ ይባላል፣ የሞንቴጎ ቤዩ ደግሞ ሳንግስተር። የሚገርመኝ ነገር፣ ጃንሆይ በመጡበት ሰሞን ሁለቱም ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ዶናልድ ሳንግስተር ተጠባባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ኖርማን ማንሊ የተቃዋሚ መሪ። የፖለቲካ ተቀናቃኞች ነበሩ፤ አሁን ደሴቲቱን በኤርፖርት ተካፍለዋታል። ብዙ ቱሪስት የሚያስተናግደው ሳንግስተር ነው፤ የባሕር ዳር ሪዞርቶቹ በዚያ በኩል ስለሆኑ። ቲኬቱም ብዙ ጊዜ እዚያ ይረክሳል። በዚህ ብቻ እንዳትወስኑ። ጉዳያችሁ ኪንግስተን ከሆነ፣ ማለትም ማክስፊልድ ጎዳና ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቅድስት ሥላሴ ለመሳለም፣ የቦብ ማርሊን ቤት ለማየት ወይም ኤምባሲና ዩኒቨርሲቲ ነክ ነገር ካላችሁ፣ ኖርማን ማንሊ ውረዱ። በሁለቱ መካከል በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከሞንቴጎ ቤይ ኪንግስተን ድረስ የግል ታክሲ ስትከፍሉ ከቲኬቱ ያተረፋችሁት ገንዘብ ያልቃል፣ ምናልባትም ዕዳ ይጨምራል። ናትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባል ጥሩ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አለ፤ ለዚህ መንገድ ሁነኛው እሱ ነው። ከረጅም በረራ በኋላ ከነሻንጣ ሦስት ሰዓት መቀመጥን ግን አስቡበት።

ወረቀት ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ከሌላው የበለጠ ይጨነቃል፣ መጨነቅም አለበት። በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ ፓስፖርት ለሚጓዝ ነገሩ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ የቪዛውን ነገር ቲኬት ሳትቆርጡ ጨርሱ። አዲስ አበባን ከኪንግስተን በቀጥታ የሚያገናኝ በረራ የለም፤ የሆነ ቦታ መቀየር ግድ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። በአሜሪካ በኩል ካለፋችሁ፣ ከኤርፖርት ባትወጡም የአሜሪካ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋል። የጃማይካ ቪዛ በእጁ ይዞ ቦሌ ላይ የሚመለስ ሰው የሚመለሰው በዚህ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ቢጫ ካርዳችሁንም ፓስፖርቱ ውስጥ ሰክታችሁ ያዙ።

ሲ5 የሚባል ቅጽ አለ፤ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ጥያቄ በአንድ ላይ። ኦንላይን ይሞላል፣ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም፣ ዝጉት። ከመነሳታችሁ በፊት ሙሉት። ቅጹ የምታርፉበትን አድራሻ ይጠይቃል፤ «ዘመድ ጋ» ብሎ መልስ የለም። ቤት ቁጥሩን፣ መንገዱን፣ የአስተናጋጃችሁን ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ስልክ ቻርጅ ይጨርሳል፣ ዋይፋይ ይጠፋል፣ የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ ደግሞ እስክታገኙት አትጠብቅም።

ውስጡ ላይ ብዙ የምለው የለም። ኖርማን ማንሊ ትልቅ ኤርፖርት አይደለም። ቦሌን ወይም የዋሽንግተኑን ደላስ ኤርፖርት የለመደ ሰው እዚህ አይጠፋም፤ ሰው የሄደበትን ተከተሉ፣ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክ፣ በር። ጉምሩክ ላይ ግን ቆም እንበል። ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከያዛችሁ ተናገሩ። ምግብ ከያዛችሁም ተናገሩ። የእኛ ሻንጣ እንደሆነ ይታወቃል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥሬ ቡና፣ አንዳንዱ ማርም ይጨምራል። ጃማይካ የራሷ ውድ ቡና ያላት የገበሬ አገር ናት፣ በሽታ ይገባብኛል ብላ ትፈራለች። ተናግሮ መወሰድ እና ደብቆ መያዝ በጭራሽ አንድ አይደሉም። የአደራ ዕቃ ነገር ደግሞ፣ በሄድንበት ሁሉ ባህላችን ነውና ክፉ መናገር ይከብዳል፤ ግን የዚህ ደሴት መስመር ዕፅ አዘዋዋሪዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነ ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው። በዓይናችሁ አይታችሁ በእጃችሁ ያልጠቀለላችሁትን ነገር ለማንም አትያዙ። የአክስት ልጅም ቢሆን። ቅር ይበለው።

ከዚያ በሩ። የተንሸራታቹ በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል፣ ከአጥሩ ወዲያ ቤተሰብ የሚጠብቅ ሰው ተደርድሯል፣ ከመሐሉ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚል ድምፅ አለ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሕጋዊ ታክሲ ታርጋው ቀይ ነው፣ ፒ ፒ በሚል ፊደል ይጀምራል። ጁታ የሚባለው ማኅበር መኪኖች ኤርፖርቱ ላይ የታወቁ ናቸው፤ መኪና የሚመድብ ሰው አለ፣ እሱን ጠይቁ። ነጭ ታርጋ ያለው ሰው «በርካሽ ልውሰድህ» ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ዋጋ ሳትነጋገሩ ሻንጣ አታስጭኑ፤ ያው እንደ አገራችን ኮንትራት ታክሲ ነው። አንድ ልዩነት አለ፤ እዚህ ሁለት ዓይነት ዶላር ነው ያለው። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ150 የጃማይካ ዶላር በላይ ይመነዘራል። ስለዚህ ሹፌሩ ቁጥር ሲጠራ የየትኛው ዶላር እንደሆነ እዚያው አስረግጣችሁ ጠይቁ። ኤርፖርት ውስጥ ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን ብቻ መንዝሩ። ቀለል ያለ ሻንጣ ያለውና ቀን ላይ የደረሰ ሰው ቢጫውን የከተማ አውቶቡስም መጠቀም ይችላል፤ 98 ቁጥር መሐል ከተማ፣ ፓሬድ ድረስ ይሄዳል።

መኪና የምትከራዩ ከሆነ፣ እዚህ የሚነዳው በግራ ነው። ያውም ከበሩ ወጥታችሁ ብዙም ሳትርቁ አደባባይ ይቀበላችኋል። በጨለማ ከደረሳችሁ ለመጀመሪያው ሌሊት ታክሲ ያዙ፣ መኪናውን በነጋታው ውሰዱ።

ሹፌሩ ከየት መጣችሁ ማለቱ አይቀርም። ኢትዮጵያ ስትሉ ጨዋታው ይለወጣል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ለእኛ 1966 ማለት አብዮቱ ነው፣ ጃንሆይ ከዙፋን መውረድ የጀመሩበት ዓመት። ለጃማይካዊ ደግሞ 1966 በፈረንጆቹ ነው፤ ጃንሆይ ከሰማይ የወረዱበት። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ ታሪክ። ሹፌሩ ድሬድሎክ ካለው ስለ ወሎ ረሃብና ስለ ደርግ ክርክር ማንሳት ትርፉ ድካም ነው። ለእሱ ንጉሥ ብቻ አይደሉም። ስለ ሻሸመኔ ንገሩት፤ ይወዳል፣ ምናልባት እዚያ የሚኖር ዘመድም ይኖረዋል።

የመንገዱን ነገር ልጨርስ። በ2004 እ.ኤ.አ. አይቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ ባሕሩ ፓሊሴዶስ ላይ አሸዋና ድንጋይ አራግፎ መንገዱን ዘጋው፤ ኤርፖርቱ ከከተማው ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በቻይና ብድር መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3.2 ሜትር ከፍ ተደረገ፣ ዳሩም በቋጥኝ ታጠረ። በመኪና ስትሄዱ ያ የድንጋይ ግድግዳ ባሕሩን ቦታ ቦታ ላይ ይጋርድባችኋል፤ ፎቶ አበላሸ ብላችሁ አትማረሩበት። ማኮብኮቢያውም ያው በባሕርና በወደብ መሐል ነው። በዲሴምበር 22፣ 2009 እ.ኤ.አ. ከማያሚ የመጣ የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 737 በከባድ ዝናብ፣ ነፋስ ከኋላ እየገፋው አርፎ መቆም አቃተው። አጥሩን ጥሶ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ተሰብሮ ቆመ። ውስጡ የነበሩት 154 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። ዝናብ ሲኖር አብራሪው ዞሬ ልሞክር ወይም ሌላ ቦታ ልረፍ ካለ አታጉረምርሙ ለማለት ነው።

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። በዚያ ጊዜ ቲኬቱ የሚረክሰው በምክንያት ነው። ሁለት ኤርፖርት መኖሩ ግን እዚህ ላይ ይጠቅማል። በጁላይ 2024 ቤሪል ስታልፍ የኪንግስተኑ ተርሚናል ጣሪያ በከፊል ተጎዳ። በኦክቶበር 28፣ 2025 ሜሊሳ ምዕራቡን ስትመታ ደግሞ ክፉኛ የተጎዳው ሳንግስተር ነው፤ የእርዳታ አውሮፕላኖች ቀድመው የገቡት በኪንግስተን በኩል ነበር። በዚያ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ቀን ለመቀየር የሚያስችል ቲኬት ቁረጡ፤ አየር መንገዱ በሌላኛው ኤርፖርት ልውሰድህ ካለም ሦስት ሰዓት መንገድ እንዳለ ታውቃላችሁ።

መመለሻው ላይ የሚያሰናክል አንድ ነገር ጋንጃ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጃማይካ ውስጥ እስከ 2 አውንስ መያዝ ወንጀል መሆኑ ቀርቶ በትንሽ ቅጣት የሚታለፍ ጥፋት ሆኗል። ራስ ተፈሪያን ለአምልኮ እንዲጠቀሙም ሕጉ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ ሁሉም ነገር የተፈቀደ ይመስለዋል። በኤርፖርት በኩል ከአገር ለማውጣት መሞከር ግን ወንጀል ነው፣ ያሳስራል። ኪስ፣ የጃኬት ገበር፣ የትንሽ ቦርሳ ጓዳ ሁሉ አራግፉ። ስጦታ ብሎ የሰጣችሁ ሰው ካለ በአክብሮት መልሱለት።

ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ጃማይካ ሰዓት አትቀይርም። በፈረንጆቹ ክረምት ከዋሽንግተን ጋር እኩል ናት፣ በፈረንጆቹ በጋ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከአዲስ አበባ ሁልጊዜ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ የሚባለውን ተቀበሉ፣ በላዩ ግን መንገዱን ደምሩበት። ጠዋትና ማታ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ሮክፎርትና ዊንድዋርድ መንገድ ይጨናነቃሉ፤ አደባባዩ ላይ አንድ መኪና ከተበላሸ ደግሞ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም መተላለፊያ የለም።

ስለዚህ ቶሎ ውጡ፣ ኤርፖርቱን እለፉትና ፖርት ሮያል ሂዱ። ፖርት ሮያል በዚያችው የአሸዋ መሬት ጫፍ ላይ ስለሆነ የከተማውን መጨናነቅ ጨርሳችሁ ነው የምትደርሱት፤ ከዚያ ወደ ተርሚናሉ መመለስ ረጅም አይደለም። ድሮ የባሕር ወንበዴዎች ከተማ ነበረ፣ በጁን 7፣ 1692 የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛው ክፍሉ ባሕር ውስጥ ሰጠመ፣ በ2025 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አሁን ጸጥ ያለ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው። ሹፌሩ እንዲጠብቃችሁ ዋጋውን አብራችሁ ተነጋገሩ፣ ሻንጣው መኪናው ውስጥ ይቆይ፣ የተጠበሰ ዓሣ እዘዙ። ዓሣው ሲታዘዝ ነው የሚጠበሰው፣ ይቆያል፤ እሑድ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ኪንግስተን እዚያ ነውና ገና እንደተቀመጣችሁ እዘዙ።